የተለካ ሁሉ ይሄዳል

መምህራችን የሰጠችን የቤት ሥራ ቀላል ነበር። «ስለዚህ» የሚለውን ቃል ተጠቅማችሁ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ኑ አለችን። ሰሌዳው ላይም ምሳሌ ጻፈችልን፤ «ዝናብ ዘነበ። ስለዚህ መንገዱ ጨቀየ።» ከዚያ የእጇን ጠመኔ እያራገፈች፣ «መጀመሪያ የምናውቀውን እንናገራለን፤ ቀጥሎ ከእሱ የሚመጣውን። ‹ስለዚህ› ሁለቱን ያያይዛል። የማይያያዘውን ግን በግድ አታያይዙ» አለች።

ቀላል ነው ያልኩትን ሦስት ቀን ፈጀሁበት። አርባ አራት ዓመቴ ነው፤ ፊደል መቁጠር ከጀመርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ የቤት ሥራ ሲሰጠኝ ምግብ አይበላልኝም። ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። እሷ የራሷን በሩብ ሰዓት ጨርሳ አገጯን በእጇ ደግፋ እኔን ትጠብቀኛለች። በመጨረሻ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «አባቴ በሜትር ለካኝ። ስለዚህ የእሱ ነበርኩ።»

ቅዳሜ ጠዋት መምህርቷ ደብተሬን አየችና በቀይ እስክሪብቶ የጥያቄ ምልክት አደረገችበት።

«እትዬ፣ ፊደሉ ላይ አንድም ስህተት የለም፤ ጎበዝ ነዎት» አለችኝ። «ግን አልተያያዘም። መለካት ሌላ፣ የእሱ መሆን ሌላ። መሃል ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጎድሏል። እሱን ፈልገው ያምጡልኝ።»

ከኋላዬ የሚቀመጠው ጫማ ሰፊ አላስችለው ብሎ፣ «እኔም ሱፍ ሳሰፋ ተለክቻለሁ። ስለዚህ የልብስ ሰፊው ነኝ ማለት ነው? ለሚስቴ ማን ይንገራት?» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅሁ። ወደ ቤቴ ስሄድ ግን መንገዱን ሙሉ የጎደለውን ስፈልግ ነበር። የት እንደጎደለስ አውቃለሁ። ሰባት ዓመት የሞላኝ ጊዜ ላይ ነው።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ሱቃችን ባለ መስታወት በር አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የካውያ ቦታ። በመጋረጃ የተከለለው ጓዳ ቤታችን ነው። የእኔ ቦታ ጠረጴዛው ሥር ነበር። ከላይ መቀሱ ክርች ክርች ሲል ቁርጥራጭ ጨርቅ ይዘንብልኛል፤ ወለሉ ላይ የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍም ሁሉ የእኔ ነው። በጣሳ አጠራቅማቸው ስለነበር ስሜ ተረስቶ ሰው ሁሉ «ቁልፌ» ይለኝ ነበር።

ልብስ የሚተኩስልን ሰውዬ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ሁልጊዜ በላብ የራሰ ነበር። ያ ቃል ከአፉ ስለማይጠፋ «ጋሼ ስለዚህ» እንለዋለን። «ካውያው ግሏል፤ ስለዚህ እጅሽን ሰብስቢ።» «ሰማዩ ጠቁሯል፤ ስለዚህ ዛሬ ካፖርት የሚያሰፋ ይመጣል።» «ሰውዬው ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ ነው የተለካው፤ ስለዚህ ሱሪው ላይ ሁለት ጣት ጨምርለት፤ መተንፈሱ አይቀርም።» ያለው ሁሉ ይደርሳል። ካፖርት የሚያሰፋው ይመጣል፤ ወፍራሙ ሰውዬም ሱሪውን ለብሶ በደስታ ይተነፍሳል። እኔም ቃሉ እንደ መቀስ፣ እንደ መርፌ የሥራ ዕቃ መሰለኝ። አንድ ቀን አስተምረኝ አልኩት።

«ቀላል ነው» አለኝ ጨርቁ ላይ ውኃ እየረጨ። «በዓይንሽ ያየሽውን ትይዣለሽ። ከዚያ ያላየሽውን ታገኛለሽ።»

በቃ፣ ይህን ብቻ ነው ያስተማረኝ። የምንጠነቀቅለት ነገር እንዳለ አልነገረኝም።

አባቴ በሰፈሩ የታወቀው በዓይኑ ነው። ከመስታወቱ በር ወዲያ የሚያልፈውን ሰው አይቶ ወገቡን ይናገራል። ሥራ ሲቀዘቅዝ ሁለቱ ይጫወቱበት ነበር።

«ያቺ ዣንጥላ የያዘችውስ?»

«ሰባ ስምንት።»

«ፖስተኛውስ?»

«መቶ አሥራ ሁለት። ከምሳ በኋላ መቶ አሥራ አምስት።»

«እኔስ?»

«ለአንተማ ምን ሜትር ያስፈልጋል፤ ክር ይበቃሃል።»

ለደንበኛ ግን በዓይኑ አይቆርጥም። «የሰው ልብስ ነው» ብሎ ሜትሩን ከአንገቱ ያወርዳል፤ ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት ይለካል። ከዚያ በልክ ደብተሩ አዲስ ገጽ ላይ፣ ከላይ የባለቤቱን ስም፣ ከሥሩ ቁጥሮቹን ይጽፋል። እናቴንና እኔን ለክቶን አያውቅም። «እስቲ ዙሪ» ይለኛል፤ አንዴ እዞራለሁ፤ በማግስቱ ቀሚሱ ልክክ ብሎ ይደርሳል።

ሕጉ እንግዲህ ግልጽ ነው። የቤት ሰው በዓይን፣ ባዳ በሜትር። የተለካ ነገር ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ ይተኮሳል፣ በወረቀት ይጠቀለላል፤ ስሙ ከገጹ ራስ ላይ የተጻፈው ሰው መጥቶ ይወስደዋል። የተለካ ሁሉ ይሄዳል። ሄዶ የተመለሰ አላየሁም፤ ቁልፍ ሊያስቀይር ካልሆነ በቀር።

በዚያ ሰሞን ሱቃችን ውስጥ ትንንሽ ነገሮች ተለዋወጡ። መጀመሪያ እኔ ሹመት አገኘሁ። «ቁልፌ፣ ነይ ይህን ክር አስገቢልኝ፤ ያንቺ ጣት ቀጭን ነው» አለኝ አባቴ፤ ከዚያ ወዲያ የመርፌው ክር ሥራ በሙሉ የእኔ ሆነ። አደግኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ቀጥሎ የወገብ ጨዋታው ቀረ። ጋሼ ስለዚህ «ያቺስ?» ሲለው አባቴ ቀና ሳይል፣ «ሥራ አለብኝ» ይለዋል። ተኳርፈዋል ብዬ ለማስታረቅ ለሁለቱም አንድ አንድ ቁልፍ ሰጠኋቸው። በመጨረሻ ደግሞ ከመጋረጃው ኋላ ይህን ሰማሁ።

«ለልጅቷ እንንገራት እንጂ» ትላለች እናቴ።

«ገና ነው።»

«እስከ መቼ ትደብቃታለህ?»

«ትንሽ ትጫወት። ስታውቅ ማልቀሷ አይቀርም።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብሎ ጠራኝ። ወጣሁና እንደ ልማዴ ዞርኩ።

«አትዙሪ። ቀጥ ብለሽ ቁሚ።»

ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ጫፉ ላይ ያለችው ቆርቆሮ ማጅራቴ ላይ ስታርፍ ቀዘቀዘችኝ። ትከሻ። ደረት። ወገብ። ቁጥሩን ለማየት ፊቱን ሜትሩ ላይ ሊለጥፈው ምንም አልቀረው፤ ትንፋሹ ጆሮዬን ኮረኮረኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ለካ። ጋሼ ስለዚህ ካውያውን አንጠልጥሎ ያየን ነበር፤ ዓይናችን ሲጋጠም ፊቱን አዞረ። እናቴም መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ አየችንና መልሳ ጋረደችው።

«ለምንድን ነው የምትለካኝ?»

«ዝም በይ፤ ስታወሪ ደረትሽ ይሰፋል።»

ደብተሩን ገለጠ። አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አጎንብሶ ከላይ ሁለት ፊደል ጻፈ፤ ከሥራቸው ቁጥሮቹን ደረደረ። ቁጥር አውቃለሁ፤ እስከ መቶ ሃምሳ ሜትሩ ላይ ነው የተማርኩት። ፊደል አላውቅም። ግን ከላይ የሚጻፈው የወሳጁ ስም እንደሆነ አውቃለሁ።

ያ ቃል ማንም ሳይጠራው መጣ። አባቴ የቤት ሰው አይለካም። እኔን ለካኝ። ስለዚህ የቤት ሰው አይደለሁም። የተለካ ሁሉ ይሄዳል። ስለዚህ እሄዳለሁ።

እንዳልሳሳት ብዬ አዋቂውን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ የተለካ ነገር መጨረሻው ምንድን ነው?»

«ተጠቅልሎ መሄድ ነዋ።»

«ትንሽም ቢሆን?»

«ትንሽማ ቶሎ ነው የሚያልቀው። በሦስት ቀን ይሄዳል።»

ይህን ዛሬ የልጅ እናት ሆኜ ሳስበው ያቺን ልጅ እቅፍ አድርጌ «ቆይ፣ ቆይ» ልላት ያምረኛል። ግን እኔ ራሴ መች ተለወጥኩ? ልጄ ከትምህርት ቤት አሥር ደቂቃ ከዘገየች፣ ዘገየች፤ ስለዚህ መንገድ ስታቋርጥ አንድ ነገር ሆናለች፤ ስለዚህ ሆስፒታል ናት፤ ስለዚህ ነጠላዬ የት አለ እላለሁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ከጓደኛዋ ጋር ብስኩት ትበላለች።

የሰባት ዓመቷ እኔ ግን አላለቀሰችም። ከሁሉ በፊት ማን እንደሚወስዳት ማወቅ ፈለገች።

አባቴ ለምሳ ወደ ጓዳ ሲገባ ደብተሩን ገልጬ ሁለቱን ፊደሎች በልብስ ጠመኔ መዳፌ ላይ ገለበጥኳቸው። የመጀመሪያው መንጠቆ ይመስላል። ሁለተኛው እግሩ ላይ ትንሽ ክብ አለችው፤ ቁልፍ የተሰፋለት ነው የሚመስለው። እሱን ወደድኩት። መዳፌን ጨብጬ ወደ መንገድ ወጣሁ፤ የሱቆቹን ማስታወቂያ አንድ በአንድ እያንጋጠጥኩ አየሁ። መድኃኒት ቤቱ ባለ ቁልፉ አለው፤ መንጠቆው የለውም። ሰዓት አዳሹ ሁለቱም የሉትም። ዳቦ ቤቱ ጋ ስደርስ ግን ከፊት መንጠቆው፣ ወደ መጨረሻው ደግሞ እግሩ ላይ ቁልፍ ያለው ፊደል!

ዛሬ ላነበው እችላለሁ፤ ማስታወቂያው «የሰፈሩ ዳቦ ቤት» ይላል። መንጠቆው ትክክል ነበር፤ ባለ ቁልፉ ግን ሌላ ፊደል ነው። ያኔ ላመሳክር መዳፌን ስከፍት ላቤ ጠመኔውን አጥቦታል። ደግሞስ ማመሳከር ምን ያደርጋል? የዳቦ ቤቷ ባለቤት ልጅ የላትም፤ ባለፈው ወር ካፖርት ስትለካ ጉንጬን ቆንጥጣ፣ «ይቺን ልጅ ወስጄ ባሳደግኳት!» ብላለች። በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ሁለት ቀን ስንብት ላይ ነበርኩ። ቁልፎቼን አከፋፈልኩ። መልሕቅ የተቀረጸባትን የነሐስ ቁልፍ ለጋሼ ስለዚህ ሰጠሁት፤ «ለምንድን ነው?» ቢለኝ «ማስታወሻ» አልኩት፤ ግራ ገብቶት ኪሱ ከተታት። ነጫጮቹን ስድስቱን በእናቴ ትራስ ሥር አኖርኩ። ለአባቴ የሚሆን ቁልፍ አጣሁ። ሁሉም አነሰበት። ስለዚህ ሃያ መርፌ ላይ ክር አስገብቼ ጨርቅ ላይ ሰካሁለት፤ እኔ ከሄድኩ ማን ያስገባለታል ብዬ።

በሦስተኛው ቀን የሌሊት ልብሴን በቁራጭ ጨርቅ ቋጥሬ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። የትኩስ ዳቦ ሽታ ፊቴን ሞላው። ሴትየዋ እስከ ክርኗ ዱቄት ለብሳ ሰልፉን ታስተናግዳለች።

«ምን ልስጥሽ ቁልፌ?»

«ምንም። መጥቻለሁ።»

«እሱንማ አየሁ።»

«ለመኖር ነው የመጣሁት። ተጠቅልዬ ከምመጣ ብዬ በእግሬ መጣሁ።» ዙሪያዬን ገረመምኩ። «የት ነው የምተኛው? ምድጃው አጠገብ ከሆነ ጥሩ ነው።»

«አንቺ ልጅ፣ ማን ነው እዚህ ትኖሪያለሽ ያለሽ?»

«እርስዎ ነዎታ! ወስጄ ባሳደግኳት ብለው የለ? አባዬም ለካኝ። ስለዚህ አልቋል።»

ሴትየዋ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ ዱቄቱ ከእጇ እየበነነ፣ «ኧረ ያዙኝ!» እያለች ሳቀች፤ ሰልፈኛውም አብሯት ሳቀ። ከዚያ ቋጠሮዬን አየች፤ ፊቴን አየች፤ ሳቋን ዋጠችው። እጇን ታጥባ ሽርጧን ፈታች። ሰልፈኛውን፣ «ዳቦው የትም አይሄድም፤ እናንተም አትሂዱ» ብላ በአንድ እጄ ትኩስ ዳቦ አስጨበጠችኝ፤ ሌላውን እጄን ራሷ ያዘች።

እናቴ ትራሷ ሥር ያሉትን ቁልፎች አግኝታ ኖሮ ጩኸቷ ከሩቅ ይሰማል። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ መንገዱን ያያል። ፊት ለፊት እየመጣን ነው፤ ዳቦዬን አውለበለብኩለት። አላየኝም። ዓይኑ በእኛ ላይ አልፎ ወዲያ ማዶ ይፈልጋል። ከአሁኑ ረሳኝ ማለት ነው ብዬ ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

«አባዬ!»

በድምፄ ዞረ። ሮጦ ሲመጣ የመንገዱ ጠርዝ አደናቀፈው፤ ተንበርክኮ ፊቴን በሁለት እጁ ዳበሰ። የሆነውን የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነገረችው።

«ማን ለማን ሰጠሽ? ኧረ ማን?» አለኝ።

ማስረጃዬን በጣቴ ቆጠርኩለት። «የቤት ሰው አትለካም። እኔን ለካኸኝ። ስለዚህ የቤት ሰው አይደለሁም። የተለካ ይሄዳል። ስለዚህ ሄድኩ።»

ጋሼ ስለዚህ ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «እኔ የምለው... አካሄዷ ላይስ ስህተት የለም» አለ።

«አንተ ነህ ያስተማርካት!» ብላ እናቴ በእጇ የያዘችውን ጨርቅ ወረወረችበት። ሳቁ ያን ጊዜ ፈነዳ። እናቴ እያለቀሰች ትስቃለች፤ የዳቦ ቤቷ ሴትዮ የስፌት መኪናው ላይ ተደግፋ ትስቃለች፤ አባቴ ዓይኑን እየጠረገ ይስቃል። ከመደርደሪያው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውርዶ ፈታው፤ ሰማያዊ ቀሚስ፣ ነጭ ኮሌታ ያለው፤ የተማሪ ልብስ።

«የሚሄደው እሱ ነው» አለኝ። «አንቺ ውስጡ ሆነሽ ጠዋት ትሄጃለሽ፤ ከሰዓት ትመለሻለሽ። በየቀኑ ትመለሻለሽ።»

ለበስኩት። ልክክ አለ። አንድ ነገር ግን አልገባኝም።

«ታዲያ ለምን እንደ ሁልጊዜው በዓይንህ አልቆረጥከውም?»

ሳቁ ቆመ። ጋሼ ስለዚህ ወደ ካውያው፣ እናቴ ወደ መጋረጃው ዞሩ። አባቴ የቀሚሴን ኮሌታ አስተካከለልኝ።

«ሰባት ዓመት ሞላሽ» አለኝ። «ትልቅ ሰው በሜትር ነው የሚለካው።»

ይህን መልስ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራሁት። ሳይለካ የሚለብስ ሁሉ ሕፃን ነው እያልኩ ስንቱን አስለቀስኩ።

እውነቱን ያወቅሁት በወሩ ነው። አባቴ ዓይኑ እየጠፋ ነበር። መርፌውም፣ የቀረው ጨዋታም፣ የመጋረጃው ኋላ ንግግርም፣ በሩ ላይ ቆሞ ማዶ ማዶ ማየቱም ምክንያታቸው እሱ ነው። ያየሁት ሁሉ ትክክል ነበር፤ ያላየሁትን ግን አላገኘሁትም።

ትምህርት ቤት ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ «መ» ላይ ደርሰን ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አባቴ ሜትሩን ይዞ ለጋሼ ስለዚህ «እባክህ ይህ ስንት ይላል?» ሲለው ሰማሁ። ሰውዬው ሸሚዝ እየተኮሰ ነበር። እኔ ከሥሩ፣ «ስልሳ አራት!» አልኩ። ከዚያ ወዲያ ማንም ከሱቁ አላስወጣኝም። አባቴ ሁለቴ እየጎተተ ትምህርት ቤት መለሰኝ፤ ሁለቴም ከእሱ ቀድሜ ሱቅ ደረስኩ። ከጠረጴዛው ሥር ወጥቼ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥኩ፤ እኔ ቁጥር እጠራለሁ፤ እሱ በጣቱ እየዳበሰ ይቆርጣል። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራን። እየተሳሳቅን ነው የሠራነው፤ የመንገደኛውን ወገብ አሁን የምናገረው እኔ ነበርኩ፤ ጋሼ ስለዚህም በጨዋታው ለእኔም መሸነፍ ጀመረ።

ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ። እስከ አምና ድረስ የደንበኞቼን ልክ የምመዘግበው በሥዕል ነበር፤ ለባለ መነጽሯ መነጽር፣ ለፖስተኛው ልጅ ፖስታ። ልጄን ለክቻት አላውቅም። ዙሪ እላታለሁ፤ ትዞራለች።

ከመምህርቷ የጥያቄ ምልክት በኋላ የአባቴን የልክ ደብተር ከሣጥን አወጣሁት። ከሃያ ዓመት በላይ አቧራውን እያራገፍኩ መልሼ አስቀምጬዋለሁ፤ ገልጬው አላውቅም፤ ለማያነብ ሰው ምን ያደርግለታል? ገጼን ያገኘሁት በቁጥሮቹ ነው። ትከሻ ሃያ ስምንት። ደረት አምሳ ስምንት። ከላይ የተጻፈው ስሜ ነው፣ ወይ «ተማሪ» ነው እያልኩ ነበር የኖርኩት። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ናቸው፤ መስመሩን ስተው ወርደዋል፤ እጁ እንጂ ዓይኑ አልጻፋቸውም። መንጠቆው። እግሩ ላይ ቁልፍ የተሰፋለት።

ክፍል ውስጥ እንደምናደርገው ጣቴን ከሥር አድርጌ አንድ በአንድ ጠራኋቸው።

የ። ኔ።

አንዴ አነበብኩ። ደገምኩ። ልጄ ከጓዳ፣ «እማዬ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢ፤ መምህርሽ ያለችውን ረሳሽ?» አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የልብስ ቁልፍ የሞላውን ጣሳ ጭኔ ላይ አድርጌ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጠመኔውን፣ ቋጠሮውን፣ ዳቦ ቤቷን። «ምድጃው አጠገብ ከሆነ ጥሩ ነው» ያልኩት ላይ ስደርስ በሳቅ ወለሉ ላይ ተንከባለለች።

ከዚያ ተነሳችና ሜትሩን ከአንገቴ አወረደችው፤ አምጥታ በእጄ አስያዘችኝ። ሳትዞር ቀጥ ብላ ቆመች።

«እኔንም ለኪኝ» አለችኝ።

ከእኔ ገጽ ቀጥሎ ያለው ባዶ ነበር። ከመለካቴ በፊት እስክሪብቶ አነሳሁና ከላይ ጻፍኩበት። ሁለት ፊደል ነው፤ ብዙ ጊዜ አልወሰደብኝም።